መርፌው በማን እጅ ነው? የስኳር ሕመም፣ ታዳጊ ልጅና ቤተሰብ፦ ከቶሮንቶ እስከ እብናት

በደቡብ ጎንደር ገጠር የ11 ዓመት ልጅ ድንገት መኝታውን ማርጠብ ቢጀምር መጀመሪያ ወደ ቤቱ የሚገባው ሐፍረት ነው፤ ሐኪም የሚታሰበው ብዙ ቆይቶ ነው። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ቁርበቱን ይዞ ይወጣና ከጓሮ ያሰጣዋል። ታናናሾቹ ይስቁበታል። እናት አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ አባት ከሰማ ይቆጣል። ልጁም ከዚያ በኋላ ቀን ከብት ሲጠብቅ ምንጭ ሥር ተደፍቶ እንደሚጠጣ፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እንደሚወጣ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ እንዳስቸገረው ለማንም ትንፍሽ አይልም።

አገሬው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። አባባሉ እውነት ነው። ችግሩ ልጁ በሽታ እየደበቀ መሆኑን አለማወቁ ነው። እሱ የደበቀው ሽንቱን ነው።

ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከሩቅ የሚሰማ ረዥም ትንፋሽ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ቤቱ ይደነግጣል። ወባ ነው የሚል አለ፣ ምች ነው የሚል አለ፣ ቡዳ በላው የሚልም አይጠፋም። ሐኪሞች ይህን ደረጃ ኬቶአሲዶሲስ ይሉታል፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብን እያነደደ ደሙን በአሲድ የሚመርዝበት ሁኔታ ነው። ኢንሱሊንና ፈሳሽ በጊዜ ካልደረሰለት ልጁ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሞቱም «በድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ይቀበራል። በኢትዮጵያ ገጠር ስንት ልጆች ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር በዚህ መንገድ እንደሄዱ የቆጠረ የለም።

የስኳር ሕመም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በላቦራቶሪ ነው፦ ሳይንቲስቶች፣ ግኝት፣ ኖቤል። ቤት ውስጥ ማን ለማን ምን ተናገረ የሚለው ክፍል ግን እምብዛም አይጻፍም። በልጆች ላይ የሚታየውን ስኳር በተመለከተ ደግሞ መኖርና መሞትን በአብዛኛው የወሰነው ይኸው ያልተጻፈው ክፍል ነው።

ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922) በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በታሪክ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ድሀ ቤተሰብ የወለደው፣ ክብደቱ 30 ኪሎ ያልሞላ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነበር። በሰው ላይ በወጉ ያልተሞከረ መድኃኒት እንዲወጋ የፈቀዱት አባቱ ናቸው። መድኃኒቱ በሚገባ ያልተጣራ ስለነበር የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልሠራም። ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ባለሙያ ካጣራው በኋላ ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ፣ ልጁም ነፍስ ዘራ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት ላይ ነበሩ፤ በጌምድርን ደግሞ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ሆነው ይገዙ ነበር። በዚያን ጊዜ በደብረ ታቦር ዙሪያ ስኳር የያዘው ልጅ ቢኖር ዕጣው ከቶምፕሰን በፊት ከነበሩት የዓለም ልጆች ሁሉ ዕጣ የተለየ አልነበረም። ከኢንሱሊን በፊት የለንደን ከንቲባ ልጅም ሆነ የእብናት እረኛ እኩል ይሞቱ ነበር። ኢንሱሊን ሲመጣ ነው ልዩነቱ የተፈጠረው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ ቶሮንቶ የሄደችው ልጅ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይቀርባል። ኤልሳቤጥ ሂውዝ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ ልጅ ነበረች። በ11 ዓመቷ ታመመች። የዘመኑ ብቸኛ ሕክምና ረሃብ ነበር፤ ፍሬድሪክ አለን የተባለው ሐኪም የልጆቹን ምግብ በግራም እየመዘነ፣ ለሞት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ በማስራብ ዕድሜያቸውን ያራዝም ነበር። ኤልሳቤጥ ቶሮንቶ ስትደርስ 15 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተዋታል፤ ክብደቷ ግን 20 ኪሎ ገደማ ነበር። ኢንሱሊን ጀመረች፣ መርፌውን ራሷ መውጋት ተማረች፣ ለእናቷም በየጊዜው ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፦ ምን እንደበላች፣ ስንት ኪሎ እንደጨመረች፣ ምን እንደተሰማት። እነዚያ ደብዳቤዎች ዛሬም በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። አንዲት ታዳጊ ስለ ስኳሯ ከእናቷ ጋር በግልጽ ስትነጋገር ከሚያሳዩት የታሪክ ሰነዶች ቀደምቶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቀጣዩ ግን ይገርማል። ኤልሳቤጥ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፣ እስከ 73 ዓመቷ ኖረች። በዚህ ሁሉ ዘመን ሕመሟን ከቅርብ ሰዎቿ በስተቀር ለማንም አልተናገረችም፤ የልጅነት ሕመሟን የሚያወሱ ሰነዶችንም ጭምር አስጠፋች። በዓለም ላይ የመጨረሻውን ምርጥ ሕክምና ያገኘች፣ የሚኒስትር ልጅ፣ በአሜሪካ የምትኖር ሴት ስኳሯን ዕድሜ ልኳን ደበቀች። እንግዲህ የገጠሯን ልጅ «ለምን ደበቅሽ?» ብሎ ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ዝምታውን ድንቁርና ብቻ አያመጣውም። «የታመመች» ተብሎ መጠራትን መፍራት በሚኒስትር ቤትም አለ።

ከኢንሱሊን በኋላ የሕክምናው ቦታ ከሆስፒታል ወደ ቤት ዞረ። ኤሊየት ጆስሊን የተባለው የቦስተን ሐኪም ይህን ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳተመው መጽሐፍ ለሐኪምና ለታማሚ በጋራ የተዘጋጀ ነበር። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ታማሚው ከሐኪም ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ በወር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን የሚያሳልፈው ከእናቱ፣ ከአባቱ፣ ከወንድምና እህቶቹ ጋር ነው። ቀሪው ሕክምና የእነሱ ነው።

ይህ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመጣው ወደ ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ፍራንሴስ ሌስተር የተባሉ ሐኪም በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያውያን የስኳር ታማሚዎች ተከታታይ ጥናቶችን አሳተሙ፤ በልጆች ላይ የሚታየውን ስኳር ለብቻው የሚመለከት ጽሑፍም አላቸው። የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበርም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በሕዝቡ ዘንድ ግን ስኳር የሚታወቀው «የሀብታም በሽታ» ተብሎ ነበር። ሥጋ የሚበላ፣ መኪና የሚነዳ፣ ቢሮ የሚውል ሰው በሽታ። ዛሬም ይህ አባባል አልሞተም። ጉዳቱም ከስም ያልፋል፤ በቀን አንድ ጊዜ በልቶ የሚያድር ቤተሰብ ልጁ «የሀብታም በሽታ» ይዞታል ሲባል ሐኪሙን አያምንም፣ ቢያምንም ለጎረቤት መናገር ያፍራል።

ይህን እምነት የገለበጠው ሥራ የመጣው ከጎንደር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን ከመነሻው ምክንያቶች አንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ ከጅምሩ ያሠለጠነው ገጠር ወርደው የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነው። ከዓመታት በኋላ ዶ/ር (በኋላ ፕሮፌሰር) ሽታዬ ዓለሙና ከለንደን እየተመላለሱ ያግዙ የነበሩት ፒተር ዋትኪንስ በጎንደር ሆስፒታል የስኳር ክሊኒክ ያዩት ነገር ያንን የቆየ መንገድ እንደገና አስታወሰ። ታማሚዎቹ መድኃኒት ፍለጋ ረዥም መንገድ በእግራቸው እየተጓዙ ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹም መምጣት እያቃታቸው ይቀሩ ነበር። መፍትሔው የሠለጠኑ ነርሶችን በየጤና ጣቢያው አስቀምጦ ኢንሱሊኑን ወደ ታማሚው ማቅረብ ሆነ። በዚህ ሥራ ቀድሞ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ኤልድሪድ ፓሪ የመሠረቱት የብሪታንያ ድርጅትም አጋር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሽታዬና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በገጠር ጎንደር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች እነማን እንደሆኑ አሳየ። አብዛኞቹ ወንዶች፣ ድሀ ገበሬዎች፣ ያልተማሩ፣ ከስተው የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ በርዕሱ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት አለ ወይ የሚለው የተዘጋ መዝገብ እንደገና ይከፈት?

ይህ ጥያቄ እብናት ላይ ሲነሳ የተለየ ክብደት አለው። እብናት ከደብረ ታቦር በስተሰሜን፣ ከበለሳ ጋር የምትዋሰን፣ ደጋዋ የሚታረስ ቆላዋ የሚደርቅ ወረዳ ናት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ትልቅ የእርዳታ መጠለያ እዚያ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የመንግሥት ኃይሎች ሕዝቡን በግድ በትነው ጎጆዎቹን አቃጠሉ። በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሥራ ኃላፊ የነበሩት ኩርት ያንሰን ተቃወሙ፣ ዓለም ጮኸ፣ የደርግ መሪዎችም ጥፋቱን በአካባቢው ባለሥልጣናት ላይ አሳበቡ።

ይኸው እ.ኤ.አ. 1985 የዓለም ጤና ድርጅት «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ በዝርዝሩ ያስገባበት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ከዝርዝሩ ተፋቀ። የጎንደሩ ጥናት «ይከፈት» ያለው ይህንን ነው። በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ይህን ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። ክርክሩ አሁንም አላለቀም። የ1977 ረሃብ በእብናት ስኳር አመጣ ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ ማንም ይህን አላረጋገጠም። ከሁለቱም ወገን ማንም የማይክደው ግን አንድ ነገር አለ፦ ምግብ በሚያንስበት ቤት ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ከተማ ካለው ልጅ የተለየ ሕይወት ይኖራል።

ለምን ቢሉ ኢንሱሊን ምግብ ይጠይቃል። ጠዋት ተወግቶ እስከ ቀትር እህል ያልቀመሰ ልጅ ስኳሩ ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይዘባርቃል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ስለዚህ በዚህ ቤት ስለ መርፌ መነጋገር ስለ ጎተራው መነጋገር ነው። ክረምት ገብቶ የአምናው እህል ሲያልቅ የ12 ዓመት ልጅ ነገሩ ይገባዋል። ለእሱ ተብሎ የምትቀመጠው ቁራሽ ከእህቱ አፍ የቀረች መሆኗን ያውቃል። የመድኃኒቱ ገንዘብ ከበግ ሽያጭ እንደመጣ ያውቃል። ታዲያ አንዳንዱ ልጅ ማንንም ሳያማክር ሁለት መንገድ ይመርጣል፦ ወይ ተወግቶ ሳይበላ ይውላል፣ ወይም ብልቃጡ እንዲበረክት መጠኑን ይቀንሳል። ሁለቱም ለቤተሰቡ በማሰብ የሚደረጉ ናቸው። ሁለቱም ይገድላሉ። ወላጅ ደግሞ ልጁ «እሺ» ስላለ ሁሉም ደህና ይመስለዋል።

እዚህ ላይ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የማይገኝ የደጋው ገጠር አንድ እውነት አለ። የውጭ አገር ጽሑፎች ወላጅ መርፌውን ይዞ ጀምሮ ልጁ ሲጎረምስ ቀስ በቀስ እንደሚያስረክብ ያስባሉ። በእብናት ገጠር ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ነርሷ መርፌው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቁጥሮች ለማሳየት ቀና ስትል ከቤተሰቡ ቁጥር ማንበብ የሚችለው አምስተኛ ክፍል የደረሰው ታማሚው ራሱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለልጁ ይሰጣል፣ መርፌውም ለልጁ። አባት ቆብ አውልቆ አጠገቡ ቆሞ ያዳምጣል፤ ያልገባውን መጠየቅ ያፍራል። በሌላው ነገር ሁሉ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ የሚያድግ ልጅ በሕይወቱ ከሁሉ ከባድ በሆነው ጉዳይ ላይ በአንድ ቀን የቤቱ ሐኪም ይሆናል።

ሥልጣኑ የተገለበጠበት ቤት ውስጥ ንግግሩም ይገለበጣል። ወላጅ የማያውቀውን ነገር መቆጣጠር አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው መቆጣት ብቻ ነው። «ወግተሃል?» ይላል። ልጁ «አዎ» ይላል። አለቀ። መርፌውን ሲወጋ አጠገቡ የቆመ የለም፤ ብልቃጡ ውስጥ ስንት እንደቀረ ያየ የለም።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሆነው ከጊዜያት ሁሉ በከፋው ጊዜ ነው። ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ሰውነት ራሱ ይከዳል። የጉርምስና ሆርሞኖች፣ በተለይ የዕድገት ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማሉ፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ጥናቶች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ትናንት ይበቃ የነበረው መጠን ዛሬ አይበቃም። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ስኳሩ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ወር ጠብቀው ቀጠሮ ሲሄዱ ነርሷ ቁጥሩን ትናገራለች፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ከጤና ጣቢያ እስከ ቤት ባለው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አባት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ምን በልተህ ነው?»

ይህች ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች። ልጁ የሚሰማት ግን እንደ ክስ ነው። ምንም ሳይበላ ስኳሩ የወጣበት ልጅ ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳበት ቋንቋ የለውም፤ ሠርግ ቤት ጠላ ቀምሶ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ሸንኮራ መጥጦ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መዋሸትን ይማራል። የደም ስኳር መለኪያ ያላቸው የከተማ ልጆች በደብተራቸው ላይ የውሸት ቁጥር እንደሚጽፉ በሌላው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። መለኪያ የሌለው የገጠር ልጅ የሚዋሸው በአፉ ነው፤ ያም ሲያቅተው ዝም ይላል።

በቦስተን የጆስሊን ማዕከል ባርባራ አንደርሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ10 እስከ 15 ዓመት ካሉ ልጆች ቤተሰቦች ጋር ሠርተው ያገኙት ውጤት ለእብናትም ይሠራል። ወላጅ «ትልቅ ሆነሃልና ራስህ ተወጣው» ብሎ ቶሎ እጁን ሲያወጣ ስኳሩ ይበላሻል። ወላጅ ሥራውን ከልጁ ጋር ሲካፈል፣ በቁጥሩም ከመውቀስ ሲቆጠብ ደግሞ ስኳሩ ይሻላል፤ ጭቅጭቁም አይጨምርም። የእኛ አገር አዋቂ «ቁጣ ከሌለ ልጅ አይታነጽም» ሊል ይችላል። በሌላ ነገር ይከራከር። በዚህ በሽታ ግን ቁጣ የሚያመጣው መረጃ ማጣትን ነው፤ መረጃ ያጣ ወላጅ ደግሞ ልጁ ራሱን እስኪስት ድረስ ምንም አያውቅም።

ማንበብ የማይችል ወላጅም ከሥራው የሚወጣበት ምክንያት የለም። መርፌው ላይ ልኩን በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ እናት እስከ ምልክቱ መሳቡን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልጋትም። አዲስ ብልቃጥ የተከፈተበትን ቀን በበዓላት መቁጠር ይቻላል፦ በሚካኤል የተከፈተ እስከ ሚቀጥለው ሚካኤል። ኢንሱሊኑን ውኃ በሚያረጥበው የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ ማኖር በሞቃት አገሮች ሁሉ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የዕቃው ጠባቂ እናት ወይም አያት ብትሆን ብልቃጡ በየቀኑ ሁለት ዓይን ያየዋል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ዋጋቸው ግን ወላጁ እንደገና ወደ ነገሩ መግባቱ ነው።

ስለ ጾም ሳይነሳ የእብናትን ልጅ ታሪክ መጨረስ አይቻልም። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ልጆች ጾም ይለማመዳሉ፤ የፍልሰታ ሁለት ሳምንት ደግሞ የልጆች ጾም ናት ማለት ይቻላል፣ በጉጉት የሚጠብቋት። ጓደኞቹ ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይቀምሱ ሲቆዩ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብቻውን ቁርስ ብላ ቢባል ከመብላት መደበቅን ይመርጣል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ ይህን ለልጁ ሊነግረው የሚገባው ግን ነርስ አይደለም። የንስሐ አባቱ ናቸው። እሳቸው ይናገሩ ዘንድ ደግሞ ወላጆቹ አስቀድመው ለእሳቸው መንገር አለባቸው። ብዙ ቤት ላይ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህ ጋ ነው። ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። ኤች አይ ቪ በበዛበት ዘመን መድኃኒት አቋርጠው ጸበል የሚገቡ ብዙ ነበሩ፤ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ መከሩ። ለኢንሱሊንም የሚያስፈልገው ይኸው ቃል ነው፤ ኢንሱሊን ግን ከዚያም ይጠብቃል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ወራት ሊቆይ ይችላል። ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ልጅ መርፌውን አቁሞ ጸበል ቢገባ ሱባኤውን ሳይጨርስ ይሞታል።

የሴት ልጅ ጉዳይ ሌላ ሸክም አለው። ሕጉ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ቢከለክልም ደቡብ ጎንደር ልጅ በልጅነቷ ስትታጭ የኖረበት አገር ነው። «ስኳር አለባት» የሚለው ወሬ ከተሰማ የሚጠይቃት አይኖርም ብሎ የሚፈራ ወላጅ አፉን ይዘጋል፣ ልጅቷንም ያስዘጋታል። የጎረቤት ሴቶች ቡና ላይ ሲሰበሰቡ መርፌዋ ሰዓቱ ቢደርስም አትወጋም። እንዲህ ተደብቃ የተዳረች ልጅ ደግሞ በአማት ቤት መርፌዋን የት ታስቀምጣለች?

መንግሥት በበኩሉ የሠራው ነገር አለ። በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የመደበው መርሐ ግብር ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ትኩረቱ ግን በእናቶችና ሕጻናት፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነሱ አንዱ የእብናት የዞን ባልንጀራ ፎገራ ነበር። እብናትም ዛሬ የራሷ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። እነዚህ ቀላል አይደሉም። ነገር ግን የመድን ካርድ ብልቃጥ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ቤተሰቡ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፣ እዚያም ካጣ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ስትመታ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ያ መንገድ ራሱ አስተማማኝ አልሆነም። መኪና በማይንቀሳቀስበት ሳምንት ብልቃጡ ውስጥ ስንት እንደቀረ ቀድሞ የሚያውቅ ቤት ከጎረቤት ወረዳ ወይም ከሌላ ታማሚ ተበድሮ ሊሻገር ይችላል። የማያውቀው ቤት የሚያውቀው ባዶ ሲሆን ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ አልፎ 14 ወይም 15 ዓመት ሲሞላው ሌላ ቀን ይመጣል። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ እብናት ከተማ ወርዶ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ እሑድ ማታ የሳምንቱን እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ ስንቁ ይሳሳል፤ ዓርብ አንዳንዴ ጨርሶ የለም። የአንድ ስኳር ታማሚ ሳምንት ከዚህ በከፋ መልኩ ሊቀረጽ አይችልም።

እናቱ የእሑዱን ስንቅ ስትቋጥር ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ ከበሶው ሥር ታስቀምጥለታለች። ለክፍል ጓደኞቹ ይነገር አይነገር የሚለው ገና አልተወራም። ከእነሱ አንዱ ሌሊት ተነስቶ ጓደኛው በላብ ተጠምቆ ሲዘባርቅ ቢያገኘው፣ ሰክሯል ይላል ወይስ ከትራሱ ሥር ያለውን ስኳር አውጥቶ ያጎርሰዋል? መልሱ የሚወሰነው ልጁ ስንቁን አንስቶ ከመውጣቱ በፊት፣ ደጃፉ ላይ በሚነገረው ወይም ሳይነገር በሚቀረው ነው።